ለክለባችን የሥራ አመራር ቦርድ፦ የአሰልጣኙን ውል ከመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች በፊት አራዝሙ

ለ፦ የክለቡ የሥራ አመራር ቦርድ
ጉዳዩ፦ የዋና አሰልጣኙን ውል ማራዘምን ይመለከታል

የተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፣

የዋና አሰልጣኛችን ውል በዚህ የውድድር ዓመት ማብቂያ ያልቃል። ሊጉ ሊጠናቀቅ የቀሩት ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእናንተ በኩል ግን እስካሁን የተሰማ ነገር የለም። አሰልጣኙ በየጋዜጣዊ መግለጫው ስለ ውላቸው ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ሁልጊዜ «እሱን ቦርዱን ጠይቁ» ነው። ተጫዋቾቹም ይጠየቃሉ፤ ምን ብለው ይመልሱ? ደጋፊው ለሁለት ተከፍሏል። ስናሸንፍ «ዛሬውኑ ይፈረምላቸው»፣ ነጥብ ስንጥል ደግሞ «ዛሬውኑ ይሰናበቱ» ይባላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ውላቸው ለ2 ዓመት እንዲራዘም፣ ያውም የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ከመድረሳቸው በፊት እንዲራዘም ለመጠየቅ ነው።

ዋናው ክርክሬ «ሊጉ ይጠናቀቅና በውጤቱ እንወስናለን» ከሚሉት የቦርድ አባላት ጋር ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። ግን ከዚህ በኋላ የምናገኘው ወይም የምንጥለው ነጥብ ስለ አሰልጣኙ የማናውቀውን ምን ይነግረናል? ኳስ አግዳሚ መትታ ትመለሳለች፤ ዳኛ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጣል ወይም ይከለክላል፤ ተከላካይ በ90ኛው ደቂቃ ይንሸራተታል። በዚህ ሳቢያ አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ እንላለን። እግር ኳስ ጥቂት ግብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው፤ በብዙ ሊጎች በአንድ ጨዋታ በአማካይ 3 ግብ እንኳ አይቆጠርም። ግብ በጠበበበት ጨዋታ የዕድል ድርሻ ሰፊ ነው። በአራትና አምስት ጨዋታ ውጤት ላይ ተመሥርቶ የሁለት ዓመት ውሳኔ መወሰን ክለቡን ለአጋጣሚ አሳልፎ መስጠት ነው።

ለምሳሌ የእንግሊዙ ክለብ አርሰናል አሰልጣኙን ሚኬል አርቴታን እስከ 2025 የሚያቆየውን ውል ያስፈረማቸው እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 መጀመሪያ ላይ፣ ሊጉ ሳያልቅ ነው። አርቴታ ከዚያ በፊት በነበሩት 2 የውድድር ዓመታት ሊጉን 8ኛ ሆነው የጨረሱ፣ በዚያው ዓመትም የመጀመሪያዎቹን 3 የሊግ ጨዋታዎች አንድም ግብ ሳያስቆጥሩ የተሸነፉ አሰልጣኝ ነበሩ። ውሉ ሲፈረም ቡድኑ 4ኛ ነበር። ፊርማው ሳይደርቅ በቶተንሃምና በኒውካስል ተሸነፈ፤ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቻምፒየንስ ሊጉም አመለጠው። እንግዲህ አስቡት፤ የአርሰናል ቦርድ «ሊጉ ይጠናቀቅ» ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ ውሳኔው የሚሰጠው በሽንፈቱ ማግስት፣ ደጋፊው በተናደደበት ሰሞን ነበር። ቡድኑ በቀጣዮቹ 3 የውድድር ዓመታት 2ኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ ወደ ቻምፒየንስ ሊጉም ተመለሰ። አርቴታ ያኔ በፈረሙበት ቀንና ከዚያ በኋላ በተሸነፉበት ቀን ያው አሰልጣኝ ነበሩ።

ተቃራኒውም ስህተት አለ፤ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2023/24 ሊጉን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በመጨረሻው ቀን ግን ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አነሳ። በዚያው ክረምት የኤሪክ ቴን ሃግ ውል እስከ 2026 ተራዘመ። በኦክቶበር 2024 ተሰናበቱ። ሌስተርም እንዲሁ ነው፤ ክላውዲዮ ራኒዬሪ በ2016 ማንም ያልጠበቀውን የሊግ ዋንጫ ካመጡ በኋላ በኦገስት የ4 ዓመት ውል ተሰጣቸው፤ በፌብሩዋሪ 2017 አሰናበቷቸው። ጆዜ ሞሪኒዮም በ2015 ቼልሲን የሊጉ ቻምፒዮን አድርገው በኦገስት አዲስ የ4 ዓመት ውል ፈረሙ፤ የገና በዓል ሳይደርስ፣ በዲሴምበር፣ ስንብታቸው መጣ። ሦስቱም ላይ ውሉ የምስጋና ስጦታ ነበር። ለምስጋና የሚሰጠው ሽልማት፣ ጉርሻ ወይም ሜዳሊያ ነው። ውል የሚፈረመው ግን ላልተጫወትናቸው ጨዋታዎች ነው። ስለዚህ የእኔም ጥያቄ «አሰልጣኙ ብዙ ደክመውልናልና ይፈረምላቸው» የሚል አይደለም። ከፊታችን ላሉት ሁለት ዓመታት ከእሳቸው የተሻለ ሰው በገበያው ላይ እናገኛለን ብዬ ስለማላምን ነው።

ለምን እንደማላምን ላስረዳ።

እሳቸው ሲመጡ ቡድናችን ምን ይመስል እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ተከላካይ ኳስ ይይዛል፤ ወደ ፊት አሻግሮ ይመታል፤ አጥቂያችን ብቻውን ከሦስት ሰው ጋር ይታገላል። ስንነጠቅ መሐል ሜዳው ባዶ ነው። ዛሬ ግብ ጠባቂያችን ኳስ ሲይዝ ሁለቱ የመሐል ተከላካዮች ይራራቃሉ፤ የተከላካይ አማካዩ በመሐላቸው ይወርዳል፤ የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ተጋጣሚ ጫና ሊፈጥር ሲወጣ ከጀርባው የሚከፈተውን ቦታ እንጠቀምበታለን። ስንነጠቅም ወዲያው ኳሱን ከበው ለማስመለስ የሚሮጡት ሁለትና ሦስት ናቸው። የተሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች ጭምር ደግማችሁ እዩአቸው። የፈጠርናቸው የግብ ዕድሎች ከሩቅ የተመቱ ተስፋ መቁረጫዎች አይደሉም፤ በሳጥን ውስጥ፣ ከግቡ ፊት ለፊት የተገኙ ናቸው። የዘመኑ የጨዋታ ትንተና ባለሙያዎች ከግብ ብዛት በፊት የዕድሎቹን ጥራት የሚለኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥሩ ዕድል የሚፈጥር ቡድን ዛሬ ባያገባ ነገ የማግባት ተስፋው የተሻለ ነውና። ክለባችን ይህን የሚሠራ ተንታኝ ካለው፣ እባካችሁ ከደረጃ ሰንጠረዡ በፊት የእሱን ወረቀት አስቀርባችሁ አንብቡ።

ለደጋፊ ክፍት በነበረ ልምምድ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጥቃት ልምምድ ነበር። አሰልጣኙ በፉጨት አስቆሙና ከታዳጊ ቡድኑ ያደገውን የግራ መስመር ተከላካይ በትከሻው ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ሜዳው ውስጥ አስገቡት። ያንኑ ኳስ ከመጀመሪያው አስጀመሩ። ልጁ ሳይታወቀው ወደ መስመሩ ሲመለስ እንደገና አስቆሙ። አልጮኹበትም። ኳሱ ቢነጠቅ የተጋጣሚ አጥቂ በየት በኩል እንደሚሮጥ በእጃቸው እያሳዩ፣ እሱ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲቆም መንገዱ እንዴት እንደሚዘጋ አስረዱት። በሦስተኛው ልጁ ራሱ ቦታውን ያዘ፤ በአጠገቡ ያለውን የመሐል ተከላካይም «ጠጋ በል» አለው። ይህ ልጅ ከዚያ በኋላ በአንድ የሜዳችን ጨዋታ ኳስ አሳጥሮ አቀብሎ ግብ አስቆጥሮብናል። ከተመልካች «ይውጣ! ይውጣ!» ሲባል አሰልጣኙ አላስወጡትም፤ በሳምንቱም ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ አስገቡት። ዛሬ ሌሎች ክለቦች የሚጠይቁን ተጫዋች እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ የሚያሳይ ዓምድ የለም፤ የክለቡ ሀብት ግን ያለው እዚህ ላይ ነው።

ድክመታቸውን አልሸፍንም። ተቀያሪ ለማስገባት ይዘገያሉ፤ አማካዮቻችን ደክመው መራመድ ሲያቅታቸው ከመቀመጫችን እያየን እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። በአንድ ግብ ስንመራ ቡድኑን ወደ ኋላ ይሰበስቡታል፤ በእጃችን የገባ ሦስት ነጥብ በዚህ ምክንያት ከአንድ ጊዜ በላይ አምልጦናል። የማዕዘን ምት በተሰጠብን ቁጥር ልባችን ይሰቀላል፤ ሁለተኛው ቋሚ ጋ የሚመጣውን ሰው የሚይዘው ተጫዋች ማን እንደሆነ እስካሁን የተወሰነ አይመስልም። እነዚህን በውል ድርድሩ ላይ ፊት ለፊት አንሱላቸው። ለቆመ ኳስ (ለማዕዘንና ለቅጣት ምት) ብቻ የተመደበ ረዳት አሰልጣኝ ይቀጠር በሉ፤ ይህ በትልልቅ ክለቦች የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ ለክለቡ የሚያስከትለው ወጪም ከአንድ ተጫዋች ዝውውር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ድክመቶቹ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። ቡድኑን በአንድ ሐሳብ የማጫወት ችሎታ ግን ረዳት በመቅጠር አይገዛም።

«አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቡድን ይነቃቃል» የሚለውን ክርክር በየጨዋታው እሰማዋለሁ። የኔዘርላንዱ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ባስ ቴር ዌል በአገራቸው ከፍተኛ ሊግ ከ1986 እስከ 2004 የነበረውን የአሰልጣኞች ስንብት አጥንተዋል። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። በውጤት መውረድ ምክንያት አሰልጣኝ ያሰናበቱ ቡድኖች ከስንብቱ በኋላ ውጤታቸው ይሻሻላል። ያው የውጤት መውረድ ደርሶባቸው አሰልጣኛቸውን ያላሰናበቱ ቡድኖችም በተመሳሳይ መጠን ይሻሻላሉ። መነቃቃቱን ያመጣው የክፉው ጊዜ ማለፍ እንጂ የሰው መለወጥ አልነበረም። እናንተም ውሉን የማታራዝሙ ከሆነ በአዲስ ሰው ስም የምንደሰትበት ጥቂት ሳምንት ይኖር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሒሳብ አስቡት።

ሒሳቡ ይህ ነው። የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) የዝውውር ደንብ ተጫዋች እስከ 5 ዓመት እንዲፈርም ይፈቅዳል። ባለፉት ሁለት የዝውውር መስኮቶች ያስፈረምናቸውን ልጆች የመረጧቸው አሁን ያሉት አሰልጣኝ ናቸው፤ ፈጣን የመስመር ተጫዋቾች፣ በእግሩ ኳስ የሚጫወት ግብ ጠባቂ፣ ከኋላ ሰፊ ሜዳ ትቶ የሚከላከል የመሐል ተከላካይ። ነገ ቡድኑን ወደ ኋላ ሰብስቦ በመልሶ ማጥቃት የሚጫወት አሰልጣኝ ብታመጡ የእነዚህ ልጆች ግማሹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሱም የራሱን ተጫዋቾች ይጠይቃል። የቀድሞዎቹ ውል ስላለባቸው ደመወዛቸው ይቀጥላል፤ ለመሸጥም ተቀምጦ የከረመ ተጫዋች ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ክለቦች በየሁለት ዓመቱ አሰልጣኝ እየለወጡ፣ የሦስት አሰልጣኞችን ምርጫ በአንድ መልበሻ ክፍል አጉረው፣ ማን ለምን እንደተገዛ የሚያስታውስ ሰው እስኪጠፋ ድረስ የደረሱት እንዲህ ነው። እኛም ከዚህ በፊት ደርሶብናል፤ ከእናንተ መካከል የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ዝምታውም ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ውሉ ሊያልቅ የቀረበ አሰልጣኝ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቃሉ ይቀልላል። ቋሚ ያልሆነው ተጫዋች «እኚህ ሰው ነገ የሉም» ብሎ ልምምዱን በግማሽ ልብ ይሠራል። ኮከብ ተጫዋቻችን ውሉን እንዲያድስ ሲጠየቅ ወኪሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አሰልጣኙ ማን ነው?» ብሎ ነው። ረዳት አሰልጣኞቹም ቤተሰብ አላቸው፤ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። ከዝውውር መስኮቱ በፊት ልናስፈርማቸው ከምናስባቸው ተጫዋቾች ጋር የሚነጋገር ሰው ማን ይሁን? ስፖርት ዳይሬክተሩ ብቻቸውን ማንን ለማን አሰላለፍ ይገዛሉ? እያንዳንዱ የዝምታ ሳምንት ከሚቀጥለው የውድድር ዓመት ዝግጅት የሚቀነስ ነው።

ስለ ውሉ ርዝመት ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፍቅራችንን እናሳያቸው» ብለው 5 እና 6 ዓመት ይሰጥ የሚሉ ደጋፊዎች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ኒውካስል በ2012 ለአለን ፓርዲው የ8 ዓመት ውል ሰጠ፤ ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ወደ ክሪስታል ፓላስ ሄዱ። ዴቪድ ሞየስ በ2013 ማንቸስተር ዩናይትድን የተረከቡት በ6 ዓመት ውል ነበር፤ አንድ የውድድር ዓመት እንኳ ሳይሞሉ ተሰናበቱ። እርግጥ ሊቨርፑል በ2016 ለየርገን ክሎፕ የ6 ዓመት ውል ሲሰጥ ቡድኑ በሊጉ 8ኛ ሆኖ፣ ሁለት የፍጻሜ ጨዋታ ተሸንፎ፣ አንድም ዋንጫ ሳይዝ ነበር፤ ውሳኔው በ2019 የቻምፒየንስ ሊግ፣ በ2020 የሊግ ዋንጫ ሆኖ ተመለሰ። ሊቨርፑል ግን ቢሳሳት እንኳ ካሳ ከፍሎ የሚቀጥል ክለብ ነው። እኛ አይደለንም።

ፊፋ ከ2021 ጀምሮ የአሰልጣኞችን ውል የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል በደንቡ ውስጥ አስገብቷል። ዓለም አቀፍ ገጽታ ባላቸው ክርክሮች ላይ የሚሠራው መርህ ለእናንተም ትምህርት ይሆናል። አሰልጣኝ ያለ በቂ ምክንያት ቢሰናበት፣ በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የካሳው መነሻ ቀሪው የውል ዘመን ዋጋ ነው፤ ሌላ ሥራ ካገኘ የአዲሱ ውል ገቢ ይቀነሳል። ስለዚህ ውሉ 2 ዓመት ይሁን፤ በተጨማሪም አንዱ ወገን ቢለያይ የሚከፈለው መጠን በቁጥር ይጻፍ። አሰልጣኙም ከሌላ ክለብ ጥሪ ቢመጣላቸው ክለባችን ምን እንደሚያገኝ በዚያው ይወሰን። በቃል የተባለ ነገር በኋላ ለማንም አይበጅም።

ለደጋፊ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። አሰልጣኙ ይቆዩ የምንል ሰዎች ሁልጊዜ ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን እንጠቅሳለን፤ በ1986 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ መጥተው እስከ 1990 ዋንጫ አላነሱም፣ የሊጉን ዋንጫም እስከ 1993 ጠበቁ እያልን። እውነት ነው፤ ግን የታገሡት ሁሉ ፈርጉሰን አይሆንም። ለእኛ የሚቀርበን የጀርመኑ ክለብ ፍራይቡርግ ይመስለኛል። ክርስቲያን ሽትራይሽ ቡድኑን የተረከቡት በ2011 መጨረሻ ነው። በ2015 ከቡንደስሊጋው፣ ከአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ፣ ወረዱ። ክለቡ አላሰናበታቸውም። በዓመቱ የሁለተኛው ሊግ አሸናፊ ሆነው ተመለሱ፤ በ2022 የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፤ በ2024 በራሳቸው ፈቃድ፣ ደጋፊው ቆሞ እያጨበጨበላቸው ሄዱ። ፍራይቡርግ ሀብታም ክለብ አይደለም። የነበረው ነገር ቦርዱ ምን ዓይነት ቡድን እንደሚፈልግ ማወቁ ነው። አንድ ክለብ ይህን ካወቀ ሽንፈት ሲመጣ የሚለየው ነገር አለው፤ አሰልጣኙ ከሐሳቡ ወጥተው ነው የተሸነፉት ወይስ በሐሳቡ ላይ ሆነው? የመጀመሪያው ከሆነ ይጠየቁ። ሁለተኛው ከሆነ ጊዜ ይሰጣቸው።

ከእናንተ የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ ጉዳዩን የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጉት። አሰልጣኙንና ስፖርት ዳይሬክተሩን አብራችሁ ጥሩ፤ የሁለቱ ሐሳብ የማይገጥም ከሆነ አሁን ይታወቅ። ስለ ተቀያሪዎቹ፣ ስለ ማዕዘን ምቱ፣ ከታዳጊ ቡድኑ ማን ወደ ላይ እንደሚመጣ ጠይቋቸው። መልሳቸው ካረካችሁ የዝውውር መስኮቱ ሳይከፈት ፈርሙና ለደጋፊው አሳውቁ።

ካላረካችሁም ቁርጡን ንገሯቸው። በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከሬዲዮ ከመስማታቸው በፊት። ሌላ ክለብ ለመፈለግ ጊዜ ይኑራቸው፤ ተጫዋቾቹም የቀሩትን ጨዋታዎች ሁኔታቸውን አውቀው ይጫወቱ። በውሳኔው ብናዝንም ሜዳ መምጣታችንን አናቆምም። የቦርዱን መልስ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክለቡ ደጋፊ